ኮሌጅ ከመምረጣችሁ በፊት ወርክሾፑን እዩ

ሰሞኑን ልጃችሁ ወይም ታናሽ እህታችሁ የት ገብታ ብትማር እንደሚሻል የምትጠይቁኝ ወዳጆች በርክታችኋል። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ «ተመርቃ ሥራ ፍለጋ የማትንከራተትበት ቦታ የትኛው ነው?» የአንድ ኮሌጅ ስም ጠርቶ መልስ መስጠት አይቻልም። የሚቻለው እንዴት እንደሚለይ ማሳየት ነው፤ እኔም ይህን ጉዳይ ሳገላብጥ ደስ ስለሚለኝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍላችሁ።

«ሙያ ተኮር» የሚል ቃል ዛሬ በየማስታወቂያው አለ። እኔ ግን ቃሉን የማምነው አንድ ነገር ሳይ ብቻ ነው። ተማሪው ዲግሪውን ሳይጨርስ እውነተኛ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ተጽፏል? ክሬዲት አለው? ቦታውን የሚያዘጋጅ፣ ሥራውን የሚከታተልና የሚመዝን ሰውስ ተመድቦለታል? ይህ ካለ የሕንፃው ቁመትም የስሙ ርዝመትም አያስጨንቀኝም።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ላጫውታችሁ። ኸርማን ሽናይደር የሚባል አሜሪካዊ የምህንድስና መምህር ነበር። በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ ከተመረቁ በኋላ ጎልተው የሚወጡት ልጆች አብዛኞቹ በትምህርት ላይ እያሉ ወይም በእረፍት ጊዜያቸው የሠሩ መሆናቸውን አስተዋለ። ታዲያ ሥራው በአጋጣሚ ከሚሆን ለምን የትምህርቱ አካል አይሆንም? ሐሳቡን ይዞ ወደ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ለአንድ ዓመት እንዲሞክር ፈቀደለት፤ ካልተሳካ ግን ኃላፊነቱን እንደማይወስድ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1906 ፕሮግራሙ በ27 ተማሪዎች ተጀመረ።

አሠራሩን ስሙት። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣመሩ። አንደኛው ክፍል ውስጥ ሲማር ሌላኛው ፋብሪካ ይሠራል፤ በሳምንቱ ይቀያየራሉ። ስለዚህ የፋብሪካው ማሽን ያለ ሠራተኛ አይቆምም፣ ተማሪውም ደመወዝ ያገኛል። ሽናይደር ለሥራው ጊዜ ለማግኘት ሲል ከሒሳቡና ከፊዚክሱ አልቀነሰም። የትምህርቱን ዘመን ነው ወደ ስድስት ዓመት ያራዘመው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ሥራን ከትምህርት ጋር በእውነት ያጣመረ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። «በአጭር ጊዜ ባለሙያ እናደርጋችኋለን» የሚል ኮሌጅ ስታገኙ ከየትኛው ትምህርት ላይ ቀንሶ እንዳሳጠረው ጠይቁ።

ሙከራው ተሳካ። እ.ኤ.አ. በ1909 የቦስተኑ ኖርዝኢስተርን፣ በ1919 የፊላደልፊያው ድሬክሰል ተከተሉት። ሁለቱም ዛሬ ድረስ በዚሁ ይታወቃሉ። በድሬክሰል አምስት ዓመት የሚማር ተማሪ ስድስት ስድስት ወር የሚቆዩ ሦስት የሥራ ጊዜያት ሊኖሩት ይችላሉ፤ ሲደመር አንድ ዓመት ተኩል መሆኑ ነው። በነዚህ ከተሞች ዙሪያ ያላችሁ ዘመዶቻችን ልጃችሁ ሲያመለክት የዚህ አሠራር መጠሪያ የሆነውን «ኮኦፕ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ከዚህም ጠበቅ ያለ ነገር በአጠገባችሁ አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ዳይምለር ቤንዝን፣ ቦሽንና ሌላ አንድ ኩባንያን ይዞ በሽቱትጋርት የተጀመረው አሠራር ዛሬ የባደን ቩርተምበርግ ዱዋል ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እዚያ ተማሪው መጀመሪያ ከኩባንያ ጋር ውል ይፈራረማል፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ ገደማ ከክፍል ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ክፍል ይመላለሳል። ክፍል ውስጥ በሚቀመጥባቸው ወራትም ደመወዙ አይቋረጥም።

ይህ የፈረንጅ ወግ ነው እንዳትሉኝ። የኛ አገር ከፍተኛ ትምህርት ሲጀመር ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ተቋማት ለሙያ የተቋቋሙ ነበሩ። ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ የተመሠረተው ከአሜሪካው ኦክላሆማ የእርሻና ሜካኒክ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። ትምህርትን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚደርስ የኤክስቴንሽን አገልግሎትን አንድ ላይ የያዘ ነበር። የዛሬው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የዚያ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ የብረታ ብረት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የኤሌክትሪክና የእንጨት ሥራ ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በዚያው ከተማ ነበርና ትምህርቱና ሥራው ጎረቤታሞች ነበሩ።

ከሁሉም ግን ጎንደር ይማርከኛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጎንደር አቅራቢያ ባለችው ደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። ሐኪም በጣት የሚቆጠርባት አገር ሐኪም እስኪበዛላት መጠበቅ አትችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን ጎን ለጎን ማሠልጠን ጀመረ፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ። የሦስቱ ሙያ ተማሪዎች አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጡ ነበር። አንዱ ይመረምራል፣ አንዷ እናቶችን ትከታተላለች፣ አንዱ የውኃውን ጉድጓድና የመጸዳጃውን ነገር ያያል። ተመርቀው ሲመደቡ አብረው የሚሠሩት እነዚሁ ሦስት ሙያዎች ነበሩና፣ ኮሌጁ ሥራውን በሥራው መልክ አስተማራቸው ማለት ነው። ይህ የቡድን ሥልጠና ዛሬም በጤና ትምህርት ውስጥ አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ብሎ አስፋፋው። ተማሪዎች ቤት ለቤት ዞረው የአንድን አካባቢ ችግር ያጠናሉ፣ ተመልሰው ያቅዳሉ፣ ያቀዱትንም ሄደው ይሠራሉ። ነርሲንግ ወይም ሕዝብ ጤና ለምትመርጥ ልጅ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ መሆን አለበት፤ «ለተግባር የት ትወጣለች? ከማን ጋር?»

በዚህ መንገድ ስታዩ አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ጥንካሬው የት እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ሆስፒታሉ ኮሌጁን ይቀድመዋል፤ ትምህርቱ ሥራው ካለበት ቤት ውስጥ ተወለደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ ነው። ሃንጋሩና አውሮፕላኑ ከመማሪያ ክፍሉ ብዙም አይርቁም።

አሁን ወደ ዛሬው ምርጫ እንምጣ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር፣ የአፕላይድና አጠቃላይ ተብለው በትኩረት መስክ ተለይተዋል፤ የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። «አፕላይድ» የሚለው ለተግባርና ለኢንዱስትሪ የቀረበ ማለት ነው። ይሁንና ስያሜው አቅጣጫ ይጠቁማል እንጂ እያንዳንዱ ዲፓርትመንት ምን እንዳለው አይነግራችሁም። በምርምር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እጅግ ተግባራዊ የሆነ ዲፓርትመንት ሊኖር ይችላል፤ በአፕላይዱ ውስጥም ላብራቶሪው የተቆለፈ።

ብዙ ወላጅ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የሚመርጠው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን ሲሞላ ነው፤ ምደባው ግን በአብዛኛው የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት ጨርሶ ዲፓርትመንት ሲመርጥ ነው። በኔ እምነት ከባዱ ሁለተኛው ነው፤ እኛ ቤተሰቦች ግን ጭንቀታችንን ሁሉ በመጀመሪያው ላይ ጨርሰን ሁለተኛውን ለልጁ ጓደኞች ምክር እንተወዋለን። ልጁ ግቢ ከገባ በኋላም ደውሉለት፤ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎችን እንዲያናግር አበረታቱት።

ኢንተርንሺፕ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ልብ እዚህ ነው። በምህንድስና ትምህርት ክፍሎች ተማሪው አንድ ሴሚስተር ያህል ወደ ድርጅት ይወጣል፤ በሌሎች የትምህርት ክፍሎችም አጠር ያለ የተግባር ልምምድ አለ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም አላቸው። ልዩነቱን የምታዩት ተማሪው በሚይዘው የትብብር ደብዳቤ ላይ ነው። አንዱን አንሥታችሁ እዩት። ቁጥርና ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አለው፤ አድራሻው ላይ ግን «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ይህን የያዘ ልጅ ከድርጅት ድርጅት ይዞራል። ጥበቃው «ኃላፊው የሉም» ይለዋል፤ ጸሐፊዋ «ሰኞ ተመለስ» ትለዋለች። ዘመድ ያለው ቶሎ ቦታ ያገኛል፤ ዘመድ የሌለው ጊዜውን በር ላይ ይጨርሳል። ቢገባም ምን ሊሠራ እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ፋይል ሲያደራጅና ፎቶ ኮፒ ሲያነሣ ይሰነብታል። መጨረሻ ላይ የግምገማ ቅጹ ላይ «በጣም ጥሩ» ይሞላለትና ማኅተም ተደርጎበት ይመለሳል።

ሌላውን ደብዳቤ እዩት። አድራሻው ላይ የድርጅቱ ስም አለ። ከሥሩ «ለጥገና ክፍል» ይላል። የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር፣ የሚጀምሩበትና የሚጨርሱበት ቀን፣ ሊሠሩት የሚገባው ሥራ በአባሪ ተያይዟል። ድርጅቱ ስለ ልጆቹ ቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። ኮሌጁ ልጁ ከመውጣቱ በፊት ስልክ ደውሏል፣ ሄዷል፣ ተነጋግሯል። እኔ ብሆን በዚህ በሁለተኛው ደብዳቤ ብቻ ኮሌጅ እመርጣለሁ።

ስለዚህ «የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመናል» ሲሏችሁ፣ ከዲፓርትመንቱ ተማሪዎች ባለፈው ዓመት ስንቶቹ እዚያ ድርጅት እንደወጡ ጠይቁ። መምህሩ ተማሪዎቹ በሥራ ላይ እያሉ ሄዶ አይቷቸው ነበር? ሲመለሱ የሠሩትን በመምህራን ፊት አቅርበው ተጠይቀውበታል? ፊርማውና ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አንድም ተማሪ ያልወጣበት ሰነድ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ወርክሾፑን አሳዩኝ በሉ። ሜካኒካል ምህንድስና ከሆነ ቶርኖው ጋ ሂዱና ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ እዩ። የብረት ፍቅፋቂ ካለ፣ ዘይት ከሸተታችሁ፣ መያዣው በእጅ ብዛት ከተወለወለ፣ ማሽኑ ይሠራል። ላስቲክ እንደለበሰ አቧራ ከጠጣ ለጎብኚ የተቀመጠ ነው። አካውንቲንግ ከሆነ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚማሩት ኮምፒውተር ላይ ነው ወይስ በሃንድአውት? ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ አገራችን ውስጥ በሕግ ግዴታ ሆኗልና፣ መምህሩ የሚያስተምረው በዚያ ነው ወይስ በድሮው ሞጁል? ኮምፒውተር ሳይንስ ከሆነ የመመረቂያ ፕሮጀክቶችን አሳዩን በሉ። የሁሉም ርዕስ አንድ ዓይነት የተማሪ መመዝገቢያ ሲስተም ከሆነ፣ የአንዱ ዓመት ሥራ ለሌላው ዓመት እየተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ነርሲንግ ከሆነ ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ውል እንዳላቸውና በአንድ ዋርድ ስንት ተማሪ አብሮ እንደሚገባ ጠይቁ። አንድ አልጋ ከበው በቆሙ ብዙ ተማሪዎች መካከል ያለችው ልጅ መርፌ የምትወጋበት ዕድል ጠባብ ነው።

የመውጫ ፈተናውን አልዘነጋሁትም። በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ሲጀመር ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ነበሩ፤ 40.65 በመቶ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62.37 በመቶ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያለዚህ ፈተና ዲግሪው አይሰጥምና ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን አማካይ አንድን ኮሌጅ አይገልጽም፤ ደህና ውጤት ያስመዘገቡ የግል ተቋማት አሉ፣ ብዙ ያስወደቁ የመንግሥት ዲፓርትመንቶችም አሉ። የምትመርጡት ኮሌጅ በምትመርጡት የትምህርት ዓይነት ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ? የሚኮራበት ውጤት ያለው ተቋም ይህን ቁጥር ራሱ ያወጣዋል። ደግሞም ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ የእጅ ችሎታን አይለካም። ዝቅተኛው መስፈርት እንጂ የሙያ ብቃት ምስክር አድርጋችሁ አትዩት። የጤና ተመራቂዎች ከዚህም ሌላ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለባቸው።

የግል ኮሌጅ ለምትመርጡ ቁልፉ ነገር የዕውቅና ፈቃድ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም። ለእያንዳንዱ የትምህርት ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለእያንዳንዱ የአሰጣጥ ዘዴ ለየብቻ ነው። አዲስ አበባ ባለው ካምፓስ ማርኬቲንግ ለማስተማር የተሰጠ ፈቃድ በሌላ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ ነርሲንግ ለማስተማር አይሆንም፤ ለመደበኛው የተሰጠውም ለርቀት ትምህርቱ አይሆንም። ደብዳቤውን አሳዩን በሉ፤ ፕሮግራሙን፣ ካምፓሱንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፤ ከባለሥልጣኑም አረጋግጡ። ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት!

አንድ ሥጋት አለኝ፤ ሙያ ተኮር ሲባል ጠባብ ማለት የሚመስለው ሰው አለ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተመለሰውን የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት «ሎጂክና ጂኦግራፊ ለኢንጂነር ምን ያደርጋል?» ብለው የሚያማርሩ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ሥራ ላይ የሚውል ሰው የሚያስፈልገው ሪፖርት መጻፍ፣ በጥያቄ መሟገት፣ ከሌላ ሙያ ሰው ጋር መግባባት ነው። ዛሬ የተማረው ሶፍትዌር ይቀየራል፤ ሒሳቡና አስተሳሰቡ አይቀየሩም። ዘጠና በመቶ ተግባር ብቻ ነው የምናስተምረው የሚል ኮሌጅ ለዲግሪ ሳይሆን ለአጭር ሥልጠና ይመቻል።

እግረ መንገዴን ስለ ቴክኒክና ሙያ አንድ ነገር ልበል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ነበሩ። ለቀሩት ልጆች «ወደቀ» ብለን በር መዝጋት ልክ አይደለም። እንደ አዲስ አበባው ተግባረ ዕድ ያሉ፣ ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በዕድሜ የሚበልጡ የሙያ ኮሌጆች አሉን። ከወርክሾፕ ጀምሮ፣ በየደረጃው የብቃት ምዘናውን አልፎ፣ ሥራ ይዞ በኋላ ወደ ዲግሪ የሚመጣ ልጅ ከሌላው ወደ ኋላ የቀረ አይደለም። ወደ ዲግሪው ክፍል ሲገባ ማሽኑን አስቀድሞ ያውቀዋል።

እንግዲህ ምዝገባው ሳይጀመር አንድ የሥራ ቀን መድቡ። ቅዳሜን ተዉት፤ ግቢው ጸጥ ይላል። ከሬጅስትራሩ ቢሮ አስቀድማችሁ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉና ኢንተርንሺፕ የት እንደወጣ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ምን በእጁ እንደሠራ ጠይቁት። የትብብር ደብዳቤውን ቅጂ ካገኛችሁ አድራሻውን አንብቡ። ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥያቄውንም እናንተ ሳትሆኑ ልጃችሁ ይጠይቅ።